በጨው መንገድ ላይ የሚቀመጥ ድርቆሽ

በደጋው ጫካ ሣር ሞልቷል፣ ውሃ ሞልቷል፤ ጨው ግን የለም። ጨው ያለው ከገደሉ በታች፣ አራት ቀን ቁልቁል ተወርዶ በሚደረስበት ነጭ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ከጨው በቀር ምንም የለም። ፈጣሪ ሁለቱን ይህን ያህል አራርቆ ያስቀመጠበትን ምክንያት የጫካው አራዊት ለብዙ ዘመን ተከራክረውበት መልስ አላገኙለትም። መልስ እስኪገኝ ድረስ አህያ ትመላለስ ተባለ።

ንጉሡ አንበሳ ነበሩ። እሳቸው ጨው አይልሱም፤ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ከሚበሉት ሥጋ ውስጥ ያገኙታል። ነገር ግን ጨው የሚታደለው በእሳቸው ድንጋይ ላይ፣ በእሳቸው ፊት፣ እሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ ነበር። ጎሹም፣ አጋዘኑም፣ ድኩላውም ቅዳሜ ቅዳሜ ከድንጋዩ ሥር ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ልሶ፣ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። እጅ መንሣትም ሆነ መላስ አንገት መድፋት ስለሚጠይቅ፣ ብዙዎቹ ሁለቱን መለየት ከተዉ ቆይተዋል።

ጨው የንጉሡ ሥልጣን ነበርና፣ በንጉሡና በአህዮች መካከል የቆየ መሐላ ነበር። ንጉሡ ጨው በሚጭን አህያ ላይ ጥርሳቸውን አያሳርፉም፤ አህዮችም ጨው ማምጣት አያቋርጡም። ከሌላው እንስሳ ጋር እንዲህ ያለ መሐላ አልተደረገም፤ የጠየቀም አልነበረም።

አርባ አህዮች ያሉበትን የጨው ቅፍለት የምትመራው ቡሊት የምትባል፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ አህያ ነበረች። መንገዱን ዐሥራ አንድ ዓመት ተመላልሳበታለች። ከእሷ ኋላ ሁልጊዜ የሚሄደው ሻንቆ የሚባል ጥቁር አህያ ነው። ሻንቆ በየጉዞው ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ «ቡሊት፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ፈልጉ» ይላል። በሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያ ተነሥቶ የሚጠብቃት ግን እሱ ነው። ይህን ነገር ቡሊት ትወደው ነበር፤ ነግራው ግን አታውቅም።

ቅፍለቱ አንድ ልማድ ነበረው። ቁልቁል ሲወርድ ባዶውን አይወርድም። እያንዳንዱ አህያ ለመመለሻው የሚበላውን ድርቆሽ ተሸክሞ ይወርድና፣ በሦስት ቦታ፣ መጀመሪያ በግራሩ ሥር፣ ቀጥሎ በጉድጓዱ አጠገብ፣ በመጨረሻም ከቀዩ ቋጥኝ ሥር፣ ድርሻ ድርሻውን እያስቀመጠ ድንጋይ ይጭንበታል። ታች ሲደርስ ጀርባው ባዶ ይሆናል፤ ዝንጀሮዎች ጨው ይጭኑታል። ከዚያ ዳገቱን ሲወጣ በየደረሰበት የራሱን ያነሣል። አንዱ የሌላውን አይነካም። ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ሕግ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበም የለም። ከቅፍለቱ የሚራብ ስለሌለ ግራሩን የሚጋጥ አልነበረም። ግራሩ ስላልተጋጠ ጥላ ነበር፤ ከዚያ ወረድ ብሎ ያለውን ጉድጓድ ከፀሐይ የሸፈኑትም እንደሱ ያልተነኩ ዛፎች ነበሩ። ነገሩ እንዲህ እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚሄድ ማንም አያስተውለውም ነበር።

ያስተዋለው ጦጣ ነው። ጦጣ ከሩቅ አገር የመንገድ ትምህርት ተምሮ እንደተመለሰ «ሊቀ መንገድ» ተብሎ ተሾመ። የጨውን መንገድም ከጫካው በረጅሙ ዝግባ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀን ሙሉ አጠናው። ከዚያ ጉባኤ ይጠራልኝ አለ።

«ጃንሆይ» አለ ጦጣ፣ በንጉሡ ፊት አሸዋ ላይ ረጅም መስመር አስምሮ። «አርባ አህያ ቁልቁል የሚወርደው ምን ተሸክሞ ነው? ድርቆሽ። ወዴት? ድርቆሽ የሚበላ ወደሌለበት። ወስዶስ ምን ያደርገዋል? ድንጋይ ሥር ይቀብረዋል። ይህን በሌላ አገር ብናገር የሚያምነኝ የለም። ቅፍለቱ ባዶውን ቢወርድ አራቱን ቀን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ድርቆሹ ሁሉ በአንድ ጎተራ፣ በጃንሆይ ጥላ ሥር ይከማች። መንገድ ላይ የራበው አህያ ይጠይቅ፤ ይላክለታል።»

ንጉሡ መስመሩን ተመለከቱት። ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በመንገዱ ላይ ያሉት ጠመዝማዛዎች፣ ዳገቶችና ገደሎች አሸዋው ላይ አልነበሩም።

ቡሊት ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። «ጃንሆይ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የራበው አህያ ሲጠይቅ ድርቆሹን ይዞለት የሚወርደው ማን ነው? እሱም እኮ አህያ ነው። ያ አህያስ ሲመለስ ምን ይበላል?»

ጦጣ ፈገግ አለ። «እናታችን ቡሊት በጣም ጥሩ ጥያቄ አነሡ» አለና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

በመጨረሻ የመንገድ ጽዳት ሹም የሆነው ጅብ ተነሣ። በመንገድ ላይ ወድቆ የቀረውን የማንሣት ሥራ የእሱ ነው፤ ደመወዙም ያው የሚያነሣው ነው። «እኔና አህዮች ያለን ግንኙነት የታወቀ ስለሆነ፣ አድልዎ እንዳይመስልብኝ ብዙ ባልናገር እመርጥ ነበር» አለ። «ነገር ግን ዕቅዱን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሆዴ ተንቦጫቦጨ።» ጉባኤው ይህን የአገር ፍቅር ነው ብሎ አጨበጨበ። አዋጁ ጸደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርቆሽ ይዞ ቁልቁል የሚወርድ አህያ ቢገኝ ሞት ይፈረድበታል ተባለ።

የመጀመሪያው ወር እጅግ ያማረ ነበር። አህዮቹ ዓመቱን ሙሉ ሲቀለቡ ያካበቱት ስብ በገላቸው ላይ ስለነበረ ባዶ ሆዳቸውንም መውጣት ቻሉ። በድንጋዩ ላይ ጨው ተከመረ። ሮብም እንዲላስ ተፈቀደ። ጦጣ ተሸለመ፤ ሲሸለም ያደረገው ንግግር ከቅፍለቱ አንድ ጉዞ ይረዝም ነበር።

በሁለተኛው ወር ስቡ አለቀ። የራባቸው አህዮች በአዋጁ መሠረት ጠየቁ። አንድ አህያ ጉድጓዱ አጠገብ ሆኖ ረሃቡን ለመልእክተኛዋ ለጥንቸል ይነግራል። ጥንቸል አንድ ቀን ሙሉ ሮጣ ለጎተራው ሹም ለከርከሮ ትነግራለች። ከርከሮ የራበው ማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደራበውና ከዚህ በፊት ተርቦ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ጥንቸል ይህን ጠይቃ ለመመለስ ትወርዳለች። ሁሉም ተሟልቶ ሲፈቀድ ደግሞ ድርቆሹን የሚያወርድ አህያ ይፈለጋል፤ አህዮቹ ግን ሁሉም መንገድ ላይ ናቸው። ከርከሮ ክፉ ሹም አልነበረም። የተፈቀደውን ድርቆሽ በሙሉ ለይቶ፣ በስም በስም ከምሮ፣ ዝናብ እንዳይነካው ሸፍኖ አስቀምጦላቸዋል።

አህዮቹ መጀመሪያ የግራሩን ቅጠል በሉ። በሚቀጥለው ጉዞ ልጡን ላጡት። በሦስተኛው ጉዞ ግራሩ ቆሞ ደርቋል። በጉድጓዱ ዙሪያ ያሉትም እንዲሁ ሆኑ፤ ጥላው ሲሄድ ውሃውም ወደታች ሸሸ።

ሻንቆ የወደቀው ጉድጓዱ አጠገብ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጨው እንደተጫነ።

«ቡሊት፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አላት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትላለህ። ተነሥ።»

«ሁልጊዜ እላለሁ» አለ ሻንቆ። «አሁን ግን እግሬ አምኖኛል።»

ቡሊት በአፏ ልጓሙን ይዛ ጎተተችው፤ በግንባሯ ገፋችው፤ ሰደበችው። ሻንቆ ግን አልተነሣም። ጅብ ከሩቅ መጥቶ፣ ራቅ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ ቁጢጥ አለ።

«እመት ቡሊት፣ አይቸኩሉ» አላት። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።»

ቅፍለቱ መቆም አይችልም ነበር። ከቆመ ሌላም ይወድቃል። ቡሊት ሻንቆን ትታ ሄደች። እንባዋ እየወረደ፣ ኋላዋን ሳታይ፣ ከኋላዋ የሚሄደው ኮቴ የሌላ አህያ መሆኑን እየሰማች ዳገቱን ወጣች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ራሷን የጠላችበት ጊዜ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት የጅብ ሪፖርት ለንጉሡ ቀረበ፤ «መንገዱ ንጹሕ ነው፤ የወደቀ አልተገኘም» ይላል። ሐሰት አልነበረበትም። ጦጣም ከሥሩ፣ ቀድሞ በአርባ አህያ ይሠራ የነበረው ሥራ አሁን በሠላሳ ዘጠኝ እየተሠራ መሆኑን ጠቅሶ ምስጋና ጻፈ።

ቡሊት ከዚያ በኋላ አዋጁን ጣሰች። ጭነቱ ቆዳቸውን እንዳይልጠው ከሥሩ የሚደረገውን ኩርታን ፈትታ፣ ውስጡ ያለውን አሮጌ ጨርቅ አውጥታ ድርቆሽ ጠቀጠቀችበት። ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። ሲወርዱ ኩርታናቸው ወፍራም ነው፤ ሲመለሱ ቀጭን። ጭነቱ የሚቀመጥበትን እየበሉ ማለት ነው፤ የጨው አሞሌው ባዶ ጀርባቸው ላይ እያረፈ ቆዳቸውን ይልጠዋል፣ ቁስሉ ላይ ጨው ይገባል። ድርቆሹም ኩርታን የሚይዘውን ያህል ብቻ ስለሆነ ለሁሉም አልበቃም። ዓመቱ ሲያልቅ ቅፍለቱ ሠላሳ ሁለት ቀረ። መንገዱ እጅግ ንጹሕ ነበር።

ጨው አነሰ። መጀመሪያ ሮብ ቀረ፤ ቀጥሎ ቅዳሜ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ጎሾች ሲሰለፉ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ማጉረምረም ደግሞ ለንጉሥ ጆሮ ከረሃብ ድምፅ የበለጠ ይሰማል። ጉባኤ ተጠርቶ ቡሊት ቀረበች።

«ጨው ለምን አነሰ?» አሉ ንጉሡ።

ቡሊት ብትናገር የሚያምናት እንደሌለ ታውቃለች። ጦጣ መስመር አለው፣ ጅብ ሪፖርት አለው፣ ከርከሮ በስም በስም የተከመረ ድርቆሽ አለው። እሷ ያላት የሌሉ አህዮች ብቻ ናቸው። «ጃንሆይ፣ እኔ ከምናገር በዓይንዎ ይዩት» አለች። «አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር ይውረዱ።»

ጦጣ ሐሳቡን በደስታ ደገፈ። ንጉሡ በአዋጁ መሠረት ባዶ እጃቸውን ወርደው ለሕዝቡ አርአያ እንዲሆኑ፣ የሚያስፈልጋቸውም ከላይ እንዲላክላቸው ሐሳብ አቀረበ። እሱ ራሱ ሥራውን ከዝግባው ላይ ሆኖ ያስተባብራል።

ንጉሡ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ጎሽ በሉ። ስለዚህ ወደ ታች ሲወርዱ መንገዱ መልካም መስሎ ታያቸው። የደረቀውን ግራር አይተው «ይህ ዛፍ ሁልጊዜም እንዲህ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጅብ ሁልጊዜም እንዲህ ነው አላቸው። የጨው ሜዳው ሲደርሱ ግን ራባቸው። ጥንቸል ተላከች።

ጥንቸል በአራተኛው ቀን፣ ቅፍለቱ ጨው ጭኖ ጉድጓዱ አጠገብ በደረሰበት ሰዓት፣ እያለከለከች ተመለሰች።

«ሥጋው የታል?» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ከርከሮ የሥጋው ማከማቻ የሚከፈተው በንጉሡ ቃል ብቻ ነው አሉኝ። ንጉሡ የት ናቸው ብለው ጠየቁኝ፤ ታች ናቸው አልኳቸው። እንግዲያው ሲመለሱ ራሳቸው መጥተው ይዘዙ፣ እኛ ሥርዓት አናፈርስም አሉ።»

ንጉሡ ያንን ሥርዓት ያወጡት ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ከዚያ ቅፍለቱን ተመለከቱ፤ ሠላሳ ሁለቱም አህዮች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ንጉሡ ግን አልተነሡም። የያዛቸው መሐላው ነው ወይስ የጉልበታቸው ማለቅ የሚለውን የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች በኋላ መርምረው፣ መሐላው ነው ሲሉ ወስነዋል።

ከሰዓት በኋላ ንጉሡ በጎናቸው ተኙ። ጥላ አልነበረም። ውሃውም ምላስ አይደርስበትም። ጅብ መጣና ራቅ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ ቁጢጥ አለ።

«አንተ» አሉ ንጉሡ በደከመ ድምፅ፣ «ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ጃንሆይ፣ በተለይ ማንንም አልጠብቅም» አለ ጅብ እጅ ነሥቶ። «አዋጁ የወደቀውን ሁሉ አንሣ ይላል፤ ስም አይጠራም።»

አህዮቹ ኩርታናቸውን ቀደው የቀረቻቸውን ድርቆሽ ተካፈሉ። መሄጃቸው ደርሶ ነበር። ጅብ ወደ ቡሊት ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመት ቡሊት፣ እርስዎ መንገድዎን ይቀጥሉ። ከእንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ እኔና እርስዎ እንግባባለን፤ ምን ቸገረን።»

ቡሊት ሻንቆ የወደቀበትን ቦታ አየችው። ምንም የለበትም፤ ንጹሕ ነው። አንበሳውን ብትተዋቸው የሚፈርድባት የለም፤ ልቧም ሐሳቡን አልጠላውም። ግን አሁን መንገዱን በዓይናቸው ያዩ ንጉሥ አሉ። ረሃቡን በሆዳቸው፣ ጥላ ማጣቱን በጀርባቸው አውቀውታል። ይህን ያህል ያወቀ ንጉሥ ከዚህ በፊት አልነበረም፤ እሳቸው እዚህ ከቀሩ ዕውቀቱም አብሮ ይቀራል፣ ጅብም ይነግሣል።

«ጨዉን አራግፉ» አለች።

ሁለት አህዮች ጎን ለጎን ተንበረከኩ። ንጉሡ እየተጎተቱ ወጥተው በሁለቱ ጀርባ ላይ ተጋደሙ። በየጠመዝማዛው እየተቀያየሩ፣ ቁስላቸው እየደማ፣ ሦስት ቀን ተሸክመዋቸው ወጡ። የመጨረሻውን ዳገት ያወጣቸው የቡሊት ጀርባ ነው። ንጉሡ በጆሮዋ «ቡሊት፣ ድርቆሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባን» አሏት። ቡሊት ደስ ብሏት አለቀሰች።

ንጉሡ ሁለት ጎሽ በልተው እስኪያገግሙ ድረስ ተጠብቆ ጉባኤ ተጠራ።

«ሊቀ መንገድ ያወጣው ዕቅድ ተሽሯል» አሉ ንጉሡ። «አህዮች እንደ ጥንቱ ድርቆሻቸውን ተሸክመው ይውረዱ፤ በየማረፊያው ያስቀምጡ።» ጫካው በእልልታ ተናወጠ። ጦጣ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። «ነገር ግን» ሲሉ ንጉሡ ቀጠሉ፣ «ይህን ያህል ጥበብ ለአህዮች ብቻ መተው ተገቢ አይደለም። የመመለሻውን ምግብ በየማረፊያው ያላስቀመጠ መንገደኛ ይወድቃል፤ እኛም ወድቀን አይተነዋል። እንግዲህ መንገዱን በየዓመቱ ልንጎበኝ አስበናል። ስለዚህ በግራሩ ሥር አንድ፣ በጉድጓዱ አንድ፣ በቀዩ ቋጥኝ አንድ፣ ለእኛ የሚሆን ስንቅ ይቀመጥ። ጎሽ ገደሉን አይወርድም። የሚወርደው አህያ ነው።»

እልልታው ቆመ።

«ስለ መሐላው የሚጨነቅ ካለ» አሉ ንጉሡ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «መሐላው የሚናገረው ጨው ስለሚጭን አህያ ነው። ስንቅ ሆኖ የተቀመጠ አህያ ደግሞ ጨው አይጭንም። የመጀመሪያውን ስንቅ የመምረጡን ክብር፣ ስለ ውለታዋ፣ ለቡሊት ሰጥተናል።»

ሁሉም ወደ ቡሊት ዞረ። እሷ መሬት መሬት እያየች ቆማ ነበር። በእርግጥም ንጉሡ ገብቷቸዋል። አንዲት ነገር ሳትቀር ገብቷቸዋል፤ የገባቸውም በእሷ ጀርባ ላይ ተኝተው ነው። አመማት። ከዚያ ቀና አለች።

«ጃንሆይ፣ መርጫለሁ» አለች። «እኔው ራሴ ነኝ።»

ንጉሡ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በልማዱ ግን አንድ ነገር አለ» አለች ቡሊት ቀጥላ። «ሊያስቀምጡት ያሰቡትን ስንቅ ሌላ አያወርድልዎትም። ባለቤቱ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ነው የሚያወርደው። እናቴም እንደዚያ አደረገች፣ እኔም፣ ሻንቆም። ጃንሆይ ልማዱን እንደ ጥንቱ ብለዋል።» ወደ ድንጋዩ ቀረበችና ጎኗን ሰጥታ ቆመች። «እንግዲህ ዝቅ ይበሉልኝና ልውጣ።»

ንጉሡ ቡሊትን ተመለከቱ፤ ቀጥለው ወደ ገደሉ፣ ቀጥለው፣ ማንም እንዳያይባቸው እየተጠነቀቁ፣ የገዛ ጀርባቸውን።

«ለዛሬ ጉባኤው አብቅቷል» አሉ ንጉሡ።

አራዊቱ አንድ በአንድ፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ሄዱ። ቡሊት ግን አልተንቀሳቀሰችም። የስንቁ አዋጅ ቀርቷል ያላት የለም። ከድንጋዩ ሥር፣ ጎኗን እንደሰጠች፣ ንጉሡ እስኪንበረከኩ ትጠብቅ ነበር። ከኋላዋ ሠላሳ አንዱ አህዮች መጥተው ተራቸውን ይዘው ተሰለፉ።